የኢናሜል ቀለምና ኮምጣጣ ምግብ

በቡታጅራም ሆነ በአካባቢው የመስቃን ቀበሌዎች የኢናሜል ሳህን፣ ትሪና ማንቆርቆሪያ የሚመረጠው በመልኩ ነው። ገዢው የነጩን ንጣት፣ የአበባውን ድምቀት አይቶ ይከፍላል። ይሁን እንጂ ቀለሙን የሚሰጡት ጭማሪዎች የሽፋኑን ጥንካሬና የምግቡን ደኅንነት ጭምር ይወስናሉ፤ ተመራማሪ ቀለምን ከጥራት ነጥሎ ሊመዝን አይገባም።

ኢናሜል በብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። የተፈጨው ብርጭቆ ከውሃና ከነጭ ሸክላ ጋር ተበጥብጦ ይቀባና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይተኮሳል። የነጭ ሳህን ጠርዝ ሲላጥ ከሥር ብቅ የሚለውን ጥቁር መደብ ብዙ ሰው ዝገት ይለዋል። ነገሩ ግን የመጀመሪያው ሽፋን ነው፤ ያጠቆሩት ኮባልትና ኒኬል ኦክሳይድ ብርጭቆውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ናቸው። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ከጎደሉ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ሽፋኑ በትንሽ ግጭት ይረግፋል።

ነጩን የሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በመተኮስ ጊዜ ከብርጭቆው ውስጥ በጥቃቅን ክሪስታል መልክ ይወጣል። ክሪስታሉ አናቴስ ሲሆን ንጣቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ወይም ቆይታው ሲረዝም ሩታይል ይተካውና መልኩ ወደ ክሬም ይለወጣል። ብረት የበዛበት ሸክላም ንጣቱን ያደፈርሳል፤ ለጀበና የሚስማማው ቀይ አፈር እዚህ ቦታ የለውም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ቀዩ፣ ብርቱካንማውና ደማቁ ቢጫ ነው። እነዚህን ቀለሞች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የካድሚየም ውህዶች ሲሆኑ፣ አሲድን በማይቋቋም ብርጭቆ ውስጥ ከገቡ መርዛማው ካድሚየም ወደ ምግብ ሊሾልክ ይችላል። ቀለሙን በዚርኮን ክሪስታል ውስጥ ማሸግ ስጋቱን ይቀንሳል፤ ዋጋውን ግን ያንራል። በሌሎች አገሮች የተለመደው ፍተሻ ዕቃውን በ4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ሞልቶ ለ24 ሰዓት በክፍል ሙቀት ማቆየት ነው። ይህ መመዘኛ ለሆምጣጤ ይበቃ ይሆናል። በመስቃን ቤት ግን በሳህኑ ላይ የሚያድረው ቆጮ፣ አይብና እርጎ ነው፤ ዋነኛ አሲዳቸው ላክቲክ ነው፣ ንክኪውም በየዕለቱ ይደጋገማል፣ በየመሐሉም ዕቃው በአመድ ወይም በሽቦ ይፈተጋል። (ክትፎው ከጣባ እስካልወረደ ድረስ ከዚህ ክርክር ነፃ ነው።) አዲስና ያልተፋቀ ሳህን አንድ ጊዜ ፈትሾ «ደኅና ነው» ማለት ለዚህ ኑሮ መልስ አይሆንም።

ጥናቱ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን ለመሰለ የአካባቢው ተቋም ከባድ አይደለም። ሳህኖችን ከገበያ ገዝቶ በውስጣቸው ቀለም መለየት፣ በላክቲክ አሲድ ደጋግሞ መሙላት፣ በየመሐሉ መፈተግ፣ ከዚያም የሾለከውን ካድሚየም በአቶሚክ አብሶርፕሽን መለካት ይቻላል። ለንጽጽር ደግሞ ጠርዙ የተላጠ፣ ዓመታት ያገለገለ ሳህን ከየቤቱ በአዲስ ተለውጦ መምጣት ይኖርበታል።