ዘበኛው አልደከመም፤ ሌባው ተሰውሯል

«የበሽታ መከላከያሽን ካጠናከርሽ ካንሰሩ በራሱ ይጠፋል!» ይህቺን ያልሰማ እጁን ያውጣ፡፡ ጥቁር አዝሙድ ሻጩ ይላታል፣ የሽፈራው ዱቄት አሻጊው ይላታል፣ የፌስቡኩ «ሐኪም»ማ ስልክ ቁጥር ጨምሮባት ይላታል፡፡ እኛ ደግሞ ውሸት ናት እንላለን፤ ያውም የታማሚን ጊዜ የምትበላ ውሸት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ስንገባ ቦርሳችንን ለፍተሻ እንከፍታለን አይደል? ሴሎቻችንም በውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን እየቆራረጡ፣ ናሙናውን በገጻቸው ላይ አውጥተው ለቲ-ሴል ያሳያሉ፡፡ ቲ-ሴል እንግዳ ነገር ካየ ይገድላል፡፡ ካንሰሩስ? ቦርሳውን ይደብቃል፡፡

ከመቶ የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ኸር-2 የሚባል የእድገት ምልክት ተቀባይ ከልክ በላይ ይበዛል፡፡ ይህ ተቀባይ ሴሉን «ተባዛ!» ማለቱ ሳያንስ፣ ናሙና የሚታይባቸውን መስኮቶች እንደሚቀንስ በቤተ ሙከራ ታይቷል፡፡ «ቦርሳህ የት አለ?» የሚሉ ሌሎች ዘበኞች፣ ኤንኬ ሴሎች፣ አሉ፡፡ እነሱን ደግሞ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው የእድገት ፋክተር ያደነዝዛቸዋል፤ ቲ-ሴሎችንም አይምርም፡፡ ሌላው ፋክተር ቪኢጂኤፍ ለዕጢው የደም ሥር ያዘረጋል፤ ጎን ለጎን ለቲ-ሴሎች መረጃ የሚያቀብሉ ሴሎች እንዳይበስሉ ያደርጋል፡፡

እና ወገን፣ ዘበኛውን ማር ብናጠግበው ያላየውን ሌባ ይይዛል?

የሚያዋጣው ሌባውን ማጋለጥ ነው፡፡ አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ትራስቱዙማብ ኸር-2 ላይ ተለጥፎ የእድገት ምልክቱን ያፍናል፤ ለኤንኬ ሴሎችም «ይኸውላችሁ!» ብሎ ይጠቁማል፡፡ ጥቆማው ቀላል ነገር አይደለም፡፡ በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የመከላከያ ሴሎቻቸው መድኃኒቱን የሚጨብጡበት ተቀባይ በሌላቸው አይጦች ላይ የመድኃኒቱ ጉልበት በአብዛኛው ጠፍቷል፡፡

«መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ድሃ ምን ያድርግ?» ትሉን ይሆናል፡፡ እውነት ነው፣ ውድ ነው፡፡ ግን የመድኃኒት መወደድ ዱቄትን መድኃኒት አያደርገውም! የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፡፡ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ረከስ የሚለውን አቻውን መርምሮ ብቁ ብሎታል፡፡ ስለዚህ ጩኸታችን የኸር-2 ምርመራውና መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲደርስ ይሁን፡፡ መድኃኒቱ የሚሠራው ኸር-2 በበዛበት ካንሰር ላይ ነውና፣ ያለ ምርመራ ማን እንደሚጠቀም አይታወቅም፡፡

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፡፡ «መጀመሪያ ይህን ሦስት ወር ሞክሪ» የሚል ሁሉ ለካንሰሩ ሦስት ወር እየሰጠው ነው፡፡ «መከላከያሽ ደክሞ ነው» የሚላትም ጥፋቱን በታማሚዋ ላይ እያላከከ ነው፡፡

ጥቁር አዝሙዱን ዳቦው ላይ ነስንሱት፣ ይጣፍጣል፡፡ እብጠቱን ግን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩት፡፡