«አጌንስት»ን አትርሱ

በእንግሊዝኛ ፈተና «ዴይ ዲስክሪሚኔት አስ» ብዬ ጽፌ ግማሽ ማርክ ተቀነሰብኝ። ለካ «ዲስክሪሚኔት አጌንስት አስ» ነው የሚባለው።

ማርኩ ቢያናድደኝም ቃሉን ወደድኩት። እኛ ብዙ ጊዜ «ለእነሱ ያዳላሉ» ነው የምንለው፤ የሚጠራው የተጠቀመው ነው። «አጌንስት» ግን የተበደለውን ያስጠራል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳሱ ለወንዶች ብቻ ሲሰጥ «ለወንዶች አዳሉ» ተብሎ ይሳቃል፤ ዳር የቆምነውን እኛን ሴቶቹን ማን ያነሳል? ሴት አትችልም እንዳትሉ ደግሞ! የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ከዚሁ ከአርሲያችን ወጥታ ነው።

ስለዚህ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ፦ «ዴይ ዲስክሪሚኔት አጌንስት ገርልስ።» የሚቀጥለው ሐሙስ ኳሱን ስጡንና ወደ ኃላፊ ጊዜ እቀይረዋለሁ፤ «ዲስክሪሚኔትድ» ይሆናል።