በገዳሪፍ ሰማይ ላይ የተዋጉት አይሮፕላኖች ዛሬ ወዴት ናቸው?

ምሥራቅ ሱዳንን የሚያውቅ ሰው የገዳሪፍን ስም በሰማ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የማሽላውንና የሰሊጡን ገበያ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ ጋላባት ይገኛል፤ ከጋላባት ፊት ለፊትም ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ የእኛዋ መተማ ትታያለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁት በመተማ መሆኑን ልጆቻችን ሁሉ በትምህርት ቤት ይማሩታል። ነገር ግን ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቈይቶ በዚያው ምድር ላይ በሰማይ የተደረገውን ሌላ ጦርነት የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን በገዳሪፍና በመተማ ሰማይ ላይ ስለ ተዋጉት አይሮፕላኖች፥ ከእነርሱም ወገን እስከ ዛሬ ስለ ተረፉት፥ የተረፉበትንም ምክንያት ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

አስቀድመን ዐማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙ አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃላት እንግለጽ። ተዋጊ አይሮፕላን የሚባለው ሌላውን አይሮፕላን በሰማይ ላይ ለመግጠም የተሠራ ፈጣንና ቀላል አይሮፕላን ነው። ቦምብ ጣይ የተባለው ሥራው ከስሙ ይታወቃል። ባለ ድርብ ክንፍ የምንለውም አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ ተደርቦ የተሠራውን ነው። የምንጠቅሰው ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ የ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1940 የዋለ መሆኑን አንባቢ ይገንዘብ።

ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነበር። ሰኔ ወር ሳያልቅም በኢትዮጵያ የነበረው የኢጣልያ ጦር ወሰኑን ተሻግሮ ጋላባትን ያዘ። በዚህ ምክንያት ገዳሪፍ ለእንግሊዝ ጦር የፊት ሰፈር ሆነች፤ በአጠገቧም የአይሮፕላን ማረፊያ ተዘጋጀ። ከዚሁ ከገዳሪፍ ወገንም በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎችና የጭነት እንስሳት ይዞ፥ በጎጃም ከነበሩት አርበኞች ጋር ለመገናኘት ወሰኑን ተሻገረ።

ጥቅምት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ተዋጊ አይሮፕላኖች በገዳሪፍ ማረፊያ ላይ በድንገት ደረሱ። በመሬት ላይ ቆመው ከነበሩትም የእንግሊዝ አይሮፕላኖች 8 ዌልስሊዎችና 2 ቪንሰንቶች ጠፉ። ዌልስሊ ባለ ነጠላ ክንፍ ቦምብ ጣይ ነው። አጥንቱ እንደ ቅርጫት በተጠላለፈ ቀላል ብረት ተሠርቶ በጨርቅ የተሸፈነ ነበር። ይህን አሠራር ያወጣው ባርነስ ዋሊስ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በጥቅምት ወር 1931 ዓ.ም. ሁለት ዌልስሊዎች በግብፅ ካለችው እስማኢልያ ተነሥተው ያለ ማረፍ እስከ አውስትራልያ እስከ ዳርዊን ከተማ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል በመብረራቸው፥ በዚያን ጊዜ በዓለም የርቀት በረራ አንደኛነትን አግኝተው ነበር። እንዲህ ያለ ዝና የነበረው አይሮፕላን ግን ዛሬ በዓለም ላይ አንድ ስንኳ ሙሉ ሆኖ አይገኝም።

በገዳሪፍ ላይ አደጋ ከተጣለ ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ ጥቅምት 27 ቀን፥ በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ ይዞ ጋላባትን መታ። ምሽጉንም በማለዳ ያዘ። በሰማይ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ተዋጊዎች ግላዲያተር በተባለ ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን በአንድነት ሳይሆን ሁለት ሦስት እየሆኑ ይመጡ ስለ ነበር፥ ፊያት ሲ አር 42 የተባሉት የኢጣልያ ተዋጊዎች በብዛት እየጠበቁ ጣሏቸው። የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ስኳድሮን አዛዥ ሻለቃ ቫን ስካልክቪክም በዚያ ቀን ሞተ። የሚከላከልላቸው አይሮፕላን በጠፋ ጊዜ የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች በእግረኛው ጦር ላይ እንደ ልባቸው ቦምብ ጣሉበት፤ ስሊምም የያዘውን ምሽግ ለቆ ለመመለስ ተገደደ።

ሁለቱ ተዋጊ አይሮፕላኖች በኀይል ብዙ የሚበላለጡ አልነበሩም። የሁለቱም ሞተር ጕልበት ወደ 840 ፈረስ ይጠጋል። የኢጣልያው ስም «ፋልኮ» በእኛ ቋንቋ ጭልፊት ማለት ነው፤ ነጂው የሚቀመጠው ራሱ ሳይሸፈን ነበር። ግላዲያተር የሚለውም በጥንታዊት ሮም ሕዝብ እያየው በአደባባይ ሰይፍ ይዞ ይጋጠም የነበረውን ሰው ስም የያዘ ነው። ስለዚህ በጋላባት ያሸነፈው የተሻለ መኪና የነበረው ሳይሆን በኅብረትና በብዛት የመጣው ነው ለማለት እንችላለን።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ቀን፥ ኅዳር 2 ቀን፥ አንድ ሌላ ጭልፊት ከቤልጅግ ተነሥቶ እንግሊዝን ለመውጋት ሲበር የዘይት ቧንቧው ተበላሸና በኦርፎርድ ነስ የባሕር ዳርቻ ላይ ወረደ። ነጂው ተማረከ፤ አይሮፕላኑም ተጠግኖ ለምርመራ በረረ። እነሆ ያ የተማረከ አይሮፕላን እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኀይል ሙዚየም ይገኛል። በጋላባት ላይ ድል ያደረጉት ጓደኞቹ ሁሉ ሲጠፉ፥ እርሱ ሞተሩ ስለ ደከመ ብቻ ተረፈ።

በኢትዮጵያ የነበሩት ጭልፊቶች መጨረሻቸው እንደሚከተለው ነው። ኢጣልያ በባሕር መላክ በተከለከለች ጊዜ 51 ጭልፊቶችን ፈታትታ በትልልቅ የጭነት አይሮፕላን ሆድ ውስጥ እየጫነች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ልካ ነበር። ነገር ግን በ1934 ዓ.ም. መግቢያ በጎንደር የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን አንዱን የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተር በጎንደር አካባቢ ጣለው፤ ነጂውም ሞተ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች የሟቹን ጀግንነት የሚያከብር ቃል ጽፈው በኢጣልያ ሰፈር ላይ ጣሉለት። ይህም በዚያ ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ የመጨረሻው የአይሮፕላን ግጥሚያ ሆነ። ሁለተኛውን በኅዳር ወር የመጨረሻ በረራውን ከፈጸመ በኋላ ነጂው በገዛ እጁ አጠፋው። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን እጁን ሰጠ።

ከእነዚህ አይሮፕላኖች ወገን ዛሬ የሚታዩት በሩቅ አገር ነው። ስዊድን ከኢጣልያ ገዝታቸው ከነበሩት 72 ጭልፊቶች አንዱ በሊንሾፒንግ በሚገኘው የአየር ኀይል ሙዚየም ቆሟል። በማልታ ደሴት «እምነት» የሚል ስም የተሰጠው የግላዲያተር አካል በቫሌታ የጦርነት ሙዚየም ተጠብቋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኦልድ ዋርደን በተባለች የገጠር መንደር አንድ ግላዲያተር ለብዙ ዓመታት በሰማይ ላይ ሲበር ታይቷል። በበጋቸው ወራት የድሮ አይሮፕላን ወዳጆች ከልጆቻቸው ጋር በዚያ ይሰበሰባሉ፤ በሣር ላይ ተቀምጠው የሞተሩን ድምፅ ይሰማሉ፥ ስለ እያንዳንዱም ብሎን ይከራከራሉ። አይሮፕላኑን በክረምት የሚፈቱትና የሚገጥሙት ባለሙያዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በፍቅር የያዙትን ሥራ ለወጣቶች ያስተምራሉ።

የዚህ ስብስብ አጀማመር በተለይ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ነው። ሪቻርድ ሻትልወርዝ የተባለው ወጣት የቆዩ መኪናዎችንና አይሮፕላኖችን እየሰበሰበ ያድስ ነበር። በሐምሌ ወር 1932 ዓ.ም. በአየር ኀይል አገልግሎት ላይ ሳለ በአይሮፕላን አደጋ ሞተ። እናቱም የአንድያ ልጃቸውን ሥራ ሜዳ ላይ ሊበትኑት አልወደዱም፤ ርስታቸውን ለድርጅት አደረጉና የልጃቸው ስብስብ እንዲጠበቅ ወጣቶችም የአየርና የእርሻ ሙያ እንዲማሩበት ሥርዐት አቆሙ። ዛሬ በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚደሰትበት ነገር በአንዲት ሐዘንተኛ እናት አሳብ የተመሠረተ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ከነጻነት በኋላ አየር ኀይላችን በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት እንደ ገና ሲደራጅ፥ በጦርነቱ ዘመን የተሠሩ የስዊድን ሳዓብ 17 አይሮፕላኖች መጥተውለት ነበር። ፋየርፍላይ የተባሉም ከእንግሊዝና ከካናዳ ተገዝተዋል። ከካናዳ ከመጡት አንዱ ዘመኑ አልፎ ወድቆ ከኖረ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ገደማ በካናዳውያን ተነሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አሁን በሺርዋተር ሙዚየም ይገኛል። እኛ የጣልነውን እነርሱ የአያቶቻቸው ቅርስ ነው ብለው ውቅያኖስ አሻግረው ወሰዱት።

የሚያጽናና ነገርም አለ። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ የሠራት፥ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ትንሽ አይሮፕላን በኢጣልያኖች ተማርካ በሮም አቅራቢያ በሚገኝ ሙዚየም ስትታይ ኖራ፥ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ፀሐይ ተዋጊ አይደለችም፤ ነገር ግን የራሳችን እጅ ያለባት ናት።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? አንድ ነገር ለትውልድ የሚተርፈው ታላቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ባለ ዝናው ዌልስሊ ጠፍቷል፤ ቧንቧው የተበላሸው ጭልፊት ተርፏል። የሚተርፈው «ይህ ይቀመጥ» የሚል ሰው ያገኘ ነው። ይሁን እንጂ የብረቱን ታሪክ ብቻ ብንጠብቅ ሥራችን ጐደሎ ይሆናል። በኦልድ ዋርደን የሞተር ድምፅ ሲሰማ ልጆች እየሳቁ ወደ ላይ ያያሉ። በገዳሪፍና በመተማ ግን በ1933 ዓ.ም. ያንኑ ድምፅ የሰማች እናት ልጇን ይዛ ወደ ጥላ ትሮጥ ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነትም ብዙ ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወደ ገዳሪፍ ተሰዷል፤ ለእነዚህ ሰዎች የሰማይ ድምፅ የበዓል ድምፅ አይሆንላቸውም። ስለዚህ የአይሮፕላኑን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከበታቹ የነበረውን ሰው አብሮ ይጻፍ እንላለን።

ለዚህም በየቤቱ የሚሠራ ሥራ አለ። በመተማ፥ በጭልጋ፥ በአዘዞና በጎንደር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ከአያቶቻቸው የሰሙትን የጦርነቱን ዘመን ወሬ የሰሚውንና የነጋሪውን ስም ጨምረው በደብተር ይጻፉት። የቆየ ፎቶግራፍ ያለው ሰው በጀርባው ላይ ቦታውንና ዘመኑን ይመዝግብ። በእርሻ ላይ የአይሮፕላን ብረት ቢገኝ ለብረት ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ለአካባቢው የባህል መሥሪያ ቤት ይነገር። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር የተገኘ እንደ ሆነ ግን ማንም ሰው፥ ይልቁንም ልጅ፥ እንዳይነካው፤ ቦታውን በሩቁ አመልክቶ ለፖሊስ ማስታወቅ ይገባል። የሰማንያ ዓመት ዝገት የያዘ ቦምብ ስንኳ ሰው ሊገድል ይችላልና።