የዝቅተኛው ዋጋ ከፋይ ማን ነው?

የግንባታ ጨረታ የተቋራጮችና የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ የቀበሌ ስብሰባዎቻችን ላይ ሥር ሰዶ ይታያል። ጨረታ ማለት የሥራው ወጪ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚወሰንበት ሂደት በመሆኑ፣ ከማንም በላይ የሚመለከተው ድንጋይ የሚሸከመውን ወዛደርና በመንገዱ ዳር የሚኖረውን ነዋሪ ነው።

የ2001 ዓ.ም. የፌዴራል የግዥ አዋጅም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ግልጽ ጨረታን ያስቀድማሉ። ቴክኒካዊ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በአብዛኛው የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ተቋራጩም ስልቱን የሚነድፈው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። አንዱ ከወጪው በታች ዋጋ ሰጥቶ ሥራውን ይይዝና ጉድለቱን በኋላ በተጨማሪ ሥራና በካሳ ጥያቄ ይሞላል። ሌላው ስልት ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ ጠቅላላ ድምሩን ሳይነካ በመጀመሪያ የሚሠራውን ቁፋሮና መሠረት ያስወድዳል፣ በመጨረሻ የሚመጣውን የውሃ መውረጃ ቦይና ማጠናቀቂያ ያረክሳል። ገንዘቡን ቀድሞ ስለሚሰበስብ ቦዩ ላይ ሲደርስ የሚያጣድፈው ነገር አይኖርም፤ ሥራው ይጓተታል። ክረምት በገባ ቁጥር ከዙሪያዋ ኮረብቶች ጎርፍ ለሚወርድባት አዳማ ይህ ተራ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም።

በርካሽ ዋጋ ያሸነፈ ተቋራጭ የሲሚንቶን ዋጋ ሊያዝበት አይችልም። የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ግን ያዝበታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ቢከፍትም ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ራሱ አልወሰነም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ዋጋው በማይከለስ ውል የተያዘ ሥራ ሁሉ ያን ጊዜ ችግር ላይ ወድቋል፤ ሐቀኛውም ተቋራጭ ጭምር።

ውድድሩን የሚያጠበው ብድሩም መሆኑ መታወቅ አለበት። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር በቻይና ተቋራጭ ተሠርቷል። የሞጆ–ሐዋሳው መንገድ በአራት ተከፍሎ ሞጆ–መቂ በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ መቂ–ባቱ በኮሪያ፣ ባቱ–አርሲ ነገሌ በዓለም ባንክ፣ ቀሪው በቻይና ብድር እንዲሠራ ተደርጓል። የኮሪያውን ክፍል የሠራው የኮሪያው ዳኤዎ ነው። አበዳሪው የገዛ አገሩን ተቋራጭ ሲያስከትል፣ የአገር ውስጥ ተቋራጭ የሚደርሰው ንዑስ ሥራ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበራት በየሰፈራቸው የሚሠራ መንገድ ሲታወጅ አሸናፊው ማን እንደሆነ በመጠየቅ ብቻ ሊወሰኑ አይገባም። የሥራ ዝርዝሩና የነጠላ ዋጋው ሠንጠረዥ እንዲነበብላቸው ይጠይቁ፤ በመጀመሪያም የቦዩ ረድፍ።