ኩፐርቲኖና ሐዋሳ፦ የሠራተኛው ደቂቃ የማን ናት?

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ነፃ ፍርድ ቤት ብዙ ጽፈናል፤ ወደፊትም እንጽፋለን። ስለ እንጀራችን ግን እምብዛም አንጽፍም። በሳን ሆዜና በኦክላንድ አካባቢ ቅዳሜ ማታ ስለ ሰብዓዊ መብት ሲከራከሩ አምሽተው ሰኞ ጠዋት የራሳቸው መብት ሲነካ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው።

እኔ አገር ቤት መምህር ነበርኩ። ከምርጫ 97 በኋላ ተሰድጄ በዚሁ ሸለቆ ባለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ግቢ ለዘጠኝ ዓመት የጥበቃ ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደመወዜን የሚከፍለኝ ግን ኩባንያው ሳይሆን ኮንትራክተር ነበር። የሁለቱም ስም ለጊዜው ይቆየን፤ አሠራሩ የብዙዎች ነውና። የኩባንያው ሠራተኞች ባጅ ቀለሙ ሌላ ነው፣ የእኛ ሌላ። እነሱ ከሚመገቡበት ካፍቴሪያ እኛ አንገባም። ፈረቃችን ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድመን ደርሰን፣ ዩኒፎርም ለብሰን፣ ከወጪው ባልደረባ ሥራ እንረከባለን፤ ያቺ 15 ደቂቃ ግን ደመወዝ የላትም። ኮንትራክተሩን ስንጠይቅ «ደንበኛው ያዘዘው ነው» ይለናል፤ ደንበኛው ደግሞ «አሠሪያችሁ እኔ አይደለሁም» ይላል። በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ተደምሮ በዓመት ከ60 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህም የአንድ ሳምንት ተኩል ደመወዝ ነው!

ደቂቃ ቆጠራ ትንሽነት የሚመስለው ካለ አንድ የታወቀ ክስ ላስታውሰው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኩፐርቲኖ የሆነው አፕል በካሊፎርኒያ ሱቆቹ የሚሠሩትን ሰዎች ሲወጡ ቦርሳቸውን ያስፈትሽ ነበር። ፍተሻው የሚደረገው ሠራተኛው የሥራ ሰዓቱን ከዘጋ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ እንደተናገሩት ወረፋው ከ5 እስከ 20 ደቂቃ፣ ገበያ በደራ ቀን ደግሞ እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰሱ። ኩባንያው «ቦርሳ ይዞ መምጣት የሠራተኛው ምርጫ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ በ2015 የፌዴራል ዳኛ ለኩባንያው ፈረደ። ሠራተኞቹ ግን አልተመለሱም። በየካቲት 2020 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውየው በአሠሪው ቁጥጥር ሥር እስካለ ድረስ ያ ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው፣ ይከፈልበታል አለ። በ2022 ጉዳዩ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ስምምነት ተዘጋ፤ ተካፋዮቹም ወደ 15 ሺህ ይጠጋሉ።

በደጃፍ ለቆምነው ደግሞ 2015 ትምህርት ሰጥቶ አልፏል። የሠራተኛ ማኅበር ባካሄደው ዘመቻ ጫናው ሲበረታ አፕል በኮንትራክተር ያሠራቸው ከነበሩት ጠባቂዎች ብዙዎቹን የራሱ ሠራተኛ አድርጎ እንደሚቀጥር በመጋቢት ወር አስታወቀ። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ሠራተኞች በአውቶቡስ የሚያመላልሱ ሾፌሮችም በዚያው ዓመት በድምፅ ብልጫ ቲምስተርስ የተባለውን ማኅበር ተቀላቀሉ። እነዚህን ሁሉ ያመጣቸው የባለሀብት ርኅራኄ አይደለም። የመደራጀት መብት ነበራቸው፤ ኩባንያንም መንግሥትንም የማይፈራ ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ በዚያ ላይ ስማቸውን ጽፈው ለመፈረም የደፈሩ ሰዎች ነበሩ።

አገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑ ነው። መንግሥት ይህንን ለውጭ ባለሀብቶች እንደ መስህብ አስተዋወቀው! በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ የዝቅተኛ ደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2024ም፣ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል አልተወሰነም።

የሐዋሳዋ ልጅ ድምፅ ያጣችው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። በየካቲት ማብቂያ 1966 ዓ.ም. አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መትቶ አገር ያንቀጠቀጠውን የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ደርግ በ1968 አፈረሰው። በኢሕአዴግ ዘመን የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት ስድስት ዓመት ታሠሩ፤ የማኅበሩ አመራር አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መደራጀት በደም የተከፈለበት መብት መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወገኖቼ! አገር ቤት የሞቱለትን መብት እዚህ ያለ ጥይት አግኝተነዋል። እንግዲያው በየሥራ ቦታችን እንጠቀምበት። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። ያልተከፈለ ሰዓት ካለ ለካሊፎርኒያ የሠራተኛ ኮሚሽነር አቤት ማለት ይቻላል፤ ኮሚሽነሩ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም። ማኅበር ሊቋቋም ሲል ከጀርባ አትቁሙ። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ሐዋሳዋ እህታችን የምንጮኸው ጩኸት የሚሰማው የራሳችንን 15 ደቂቃ ለማስመለስ ስንደፍር ነው።

ቸር ይግጠመን።