ስሟ ያልተለጠፈው ልጅ

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካለቀ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ቲቸር፣ ልጄን ለአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አስጠናልኝ» ነው ሁሉም። አልፈርድባችሁም። በ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2። በዚህ መሀል «ሁሉንም አሳለፍኩ» የሚል ትምህርት ቤት ሲገኝ የማይሮጥ ማን አለ?

ግን መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ጎበዞቹን በር ላይ ለይቶ ነው የሚያስገባው። ሥራው ግማሹ እዚያው ያልቃል። (እኔም እንዲህ ያለ ቤት አስተምሬያለሁ፤ ቀላል ነበር፣ ልዋሽ?)

አምና አንድ አባት ሰሌዳው ላይ የልጁን ስም ሲያጣ «አዋረድሽኝ» አላት፣ ሰው ፊት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰፈሯ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። የማስጠኛው ብር ግን «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ተብሎ ቆመ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ለፈተናው የተገኘ ብር፣ አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ከስድሳ ልጅ ጋር ስትማር እንዴት ይጠፋል?

ቅዳሜ ከሰዓት ሂሳብ እያስጠናኋት ነው። ፊዚክስ ግን አልችልም፤ ከድሮ ተማሪዎቼ ፈቃደኛ ካለ ኢንቦክስ በሉኝ።