ሥጋ ቤት ሲዘጋ የአህያ በረት ይጠበቅ

የዱር አራዊት ወዴትና መቼ እንደሚዘዋወሩ በአመዛኙ የሚወስነው ምግብ ነው። ለዚህ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው ጅብ ነው። አዳማን በመሰሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዳርቻ አጥንት፣ ፈርስ ወይም የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ከተጣለ ጅብን መጥራት ነው።

ይህ ምግብ ሲቀንስ ግን ጅቡ ፊቱን ወደ በረት ያዞራል። በትግራይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ 553 የጅብ ኩስ ናሙናዎች ተመርምረዋል። የአህያ ፀጉር የተገኘው ከጾሙ በፊት በ14.8 በመቶው፣ በጾሙ ወቅት በ33.1 በመቶው፣ ከጾሙ በኋላ ደግሞ በ22.2 በመቶው ላይ ነው። በ55ቱ የጾም ቀናት እርድ ስለሚቀንስ የሚጣለው አጥንትና ቅንጥብጣቢም ያንሳል፤ ጅቡም አህያ ማደን ያበዛል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተለያየ እምነት ተከታዮች አብረው ስለሚኖሩ እርድ ጨርሶ አይቆምም። ቢሆንም በጾሙ ወቅት በርካታ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ስጋቱ የሚያርፈውም ውኃ በምታመላልሰውና እህል ገበያ በምታደርሰው አህያ ላይ ነው። አንዲት አህያ ብቻ ላለው አርሶ አደር እሷን ማጣት የቤተሰቡን ጉልበት ማጣት ነው።

መፍትሔው መርዝ አይደለም። የተመረዘ ሥጋ የቤት ውሻንና ጥንብ አንሳንም ይፈጃል። ቆሻሻውን በአንድ ጊዜ ማንሣትም ብቻውን አይበቃም፤ የለመደውን ያጣ ጅብ ቀጥሎ የሚሞክረው የገበሬውን ግቢ ነውና።

ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች ተያይዘው መሄድ አለባቸው። የከተማ አስተዳደሮች የቄራና የሥጋ ቤት ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ መጣሉ ቀርቶ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር ያድርጉ፤ ይህን የሚጀምሩበትን ጊዜም ለአጎራባች ወረዳዎች አስቀድመው ያሳውቁ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በልማት ሠራተኞቻቸው አማካይነት በረቶችን ቀበሌ በቀበሌ ይፈትሹ። አርሶ አደሩም አህያውን ሜዳ ላይ ማሳደሩን ትቶ ከፍ ባለና በተጠቀጠቀ የእሾህ አጥር ውስጥ ያስገባ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ዝግጅቱ ከቅበላ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።